ደረጃ

«ሥር የሰደደ ሕመም» ብሎ ጻፈ መምህሩ በጠመኔ፤
(ሥር ሰደደ ሲባል ዛፍ ነው የሚታየኝ ለእኔ፤
ወፍ ያረፈበት፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ፣
ባለቤቱ ሳይወድ ግቢው መሐል የጸደቀ።)
«ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት» እያለ ቆጠረ፣
አራተኛው ላይ ሲደርስ ሰሌዳው አጠረ።

እኔ ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ጣቶቼን እጅጌ ውስጥ ስሸሽግ፣
ያ ወፍራም መጽሐፍ ሲገለጥ ገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት
ጉልበቴን አገኘሁት።
የማላውቃት ሴት ጉልበት፤ ስም የለው፣ ፊት የለው፤
እብጠቱ ግን የኔው ነው፣ ጠዋት ጠዋት የማባብለው።
ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለማንም ሳልናገር ኖርኩ፣
«አጥኚ እንጂ ተጠኚ አይደለሁም» እያልኩ።

ለልምምድ የደረሰችኝ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ነበረች፤
አርባ ዓመት ሙሉ የመርከበኛ ሸሚዝ የሰፋች፣
አሁን መርፌ የማይጨብጡ ጣቶቿን
እንደ ደከሙ ድመቶች ጭኗ ላይ ያስተኛች።

ቫልፓራይሶን ያየ ያውቃል፤ ከተማ ሳትሆን መሰላል ናት፣
ቤቶቿ ባሕሩን ሊያዩ አንዱ ባንዱ ትከሻ የወጡባት።
የኮረብታው አሳንሰር ከቆመ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል፣
በሩ ላይ «በቅርቡ» የሚለው ወረቀት ዝናብ አርሶት ደብዝዟል።
መቶ ስድሳ ሦስት እርከን። ቆጠርኳቸው። ሰማንያው ላይ ቁጭ አልኩ፣
ጫማ የማስር መስዬ ጉልበቴን በመዳፌ ያዝኩ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ደረጃ መውጣት ይችላሉ?»
ሣጥኖቹ ሦስት ናቸው፤ «አዎ»፣ «በድጋፍ»፣ «አይ» ይላሉ።
ሳቀች።
«ልጄ፣ ይህ ጥያቄ አድራሻውን ስቷል፤
ደረጃውን ጠይቂው፣ ማንን ማውጣት ይችላል?
ጉልበቴስ ቢያንስ በበጋ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል፤
ይህ ድንጋይ ግን ላንድ ሰው እንኳ መቼ ጎንበስ ብሎ ያውቃል?»

ብዕሬ ሦስቱን ሣጥኖች ዞሮ ዞሮ መረመረ፤
ከጎናቸው ሌላ ሣለ፤ «ደረጃው አይችልም» ብሎ ጨመረ።
መምህሩ በቀይ መለሰልኝ፦ «ቅጹ ላይ የሌለ ሣጥን!»
ከሰባት አራት ሰጠኝ።
ይሁን። ማለፊያ ነው።

ከዚያ የዝናብ ሳምንት መጣ፤ ጉልበቴ ዱባ አከለ፤
ለፊርማ ሄጄ ከሥር ቆምኩ፤ እግሬ አንድም እርከን አልቻለ።
ስሟን ጠራሁ። መስኮት ተከፈተ።
«ማይቴን! ውጪ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?»
አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው፣ ፈተና አለብኝ፣ የምለው ሞልቶ፣
እውነቱ ቀደመኝ ከአፌ ወጥቶ፦
«ዛሬ አልችልም። ጉልበቴ ነው። ከልጅነቴ ነው።»

ከወደቡ መርከብ ጮኸ። እሷ ዝም አለች።
«አንቺም?» አለች።
ስንት ሐኪም ዳስሶኛል፣ ስንት መሣሪያ አየኝ፤
በአንድ ቃል ግን ማንም እንዲህ አልመረመረኝ።

ዳቦ የምታስወጣበትን ቅርጫት በገመድ ለቀቀችው፤
ግድግዳ እየታከከ ወረደ። ቅጹን አስገባሁ።
ጎተተች፤ በነዚያ ጣቶች፤ ሁለት ጊዜ አርፋ።
ልርዳሽ ልል ነበር፤ ከዚህ ታች ሆኜ! ዋጥኩት።
ሲመለስ ፊርማዋ አለበት፣ እንደ ተተረተረ ስፌት የዞረ፣
ከሥሩም ትንሽ ትራስ፤ ጣቶቿ ሳይከዷት የሰፋችው፤
የመርከበኛ ሸሚዝ ቁራጭ፣ ውስጡ ስንዴ የታጨቀ።
«ምድጃ ዳር አሙቂው!» ብላ ጮኸች፣ «ሌሊት ጉልበትሽ ላይ!»
ገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይህን አያውቅም።

እስኪመሽ የመጀመሪያው እርከን ላይ ተቀመጥኩ፤
እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ጎረቤት እየሰማ፣
የክኒናችንን ስም ስንጠራራ፣
የትኛው ያቅለሸልሻል፣ የትኛው እንቅልፍ ይነሳል።
ጭጋጉ መጣ፤ መስኮቷ ጠፋ፤ ገመዱ ግን ከምንም ተንጠልጥሎ
ይነቃነቅ ነበር ገና፣ አንድ ሰው ከላይ አለ ብሎ።